ባለ ሦስት ነጥቡ ሙናዊር

እኔ ሠርኬ እባላለሁ፤ በርበሬ በረንዳ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጬ በርበሬ ሸጫለሁ። መርካቶ ውስጥ የማይታይ ነገር የለም። እሳት አይቻለሁ፣ ጎርፍ አይቻለሁ፣ ባሏን ቀብራ በአራተኛው ቀን ሱቋን የከፈተች ሴት አይቻለሁ፤ እሷም እኔ ነኝ። እንግዲህ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን ክው ብዬ ቀረሁ። አንዱ ድንጋጤ ሳይለቀኝ ሌላው ደረሰብኝ። ነገሩ የሙናዊር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ላስተዋውቃችሁ፤ እሱን ሳታውቁ ምን እንዳስደነገጠኝ አይገባችሁም።

ሙናዊር ምናለሽ ተራ የሚሠራ ብረት ሠሪ ነው። ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ዕቃ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የአሮጌ መኪና ሞተር የእህል ወፍጮ ያዞራል። መዶሻው ስለማያርፍ እዚያ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባም እየጮኸ ነው የሚያወራው። ሙናዊር ከስልጤ ገጠር የመጣው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አምስተኛ ክፍልን ጀምሮ ትቶ። መጀመሪያ የጎበጠ ሚስማር አቃና፣ ቀጥሎ በርሜል ሰነጠቀ፣ ቀጥሎ ብየዳ ተማረ። ዛሬ የፈንዲሻ ማሽን ብትሉት፣ የቅመም ወፍጮ ብትሉት፣ የብሎኬት ማምረቻ ብትሉት ሠርቶ ይሰጣችኋል። ንድፍ ማንበብ ይችላል፤ መሳል ግን አይሆንለትም። «እኔ የምስለው በብረት ነው» ይላል።

አንድ ልማድ አለው። የሠራውን ዕቃ ከማስረከቡ በፊት ይገለብጠውና ከሥሩ፣ ሰው በማያይበት ቦታ፣ በብየዳ ሦስት ነጥብ ጠብ ጠብ ያደርግበታል። «ለምን ሦስት?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ድስት የሚቆመው በስንት ጉልቻ ነው?» አለኝ፤ መልሱ ይኸው ነው። የኔ ሚዛን ሥር ሦስት ነጥብ አለ፣ የወፍጮዬም ሥር አለ። ሰፈሩ «ባለ ሦስት ነጥቡ» እያለ ነው የሚጠራው።

ሚስቱ ሐጀራ ወዳጄ ነበረች። እሷ በርበሬ በረንዳ ኮረሪማ ስትሸጥ፣ እኔ ራጉኤል ስሄድ ሱቄን የምትጠብቅልኝ እሷ፣ እሷ ስትሰግድ የሷን የምጠብቅላት እኔ ነበርኩ። ካረፈች ስምንት ዓመቷ ነው። ለሙናዊር ትታለት የሄደችው አንዲት ልጅ ነው፣ ዱንያን።

ዱንያ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ አባቷ ጋ ሄዳ መዶሻ አነሳች። ቁራጭ ላሜራ ላይ ጠረቅ ጠረቅ ታደርጋለች፤ ደስ ብሏታል። ልጁን ተቆጥቶ የማያውቀው ሙናዊር ያን ቀን መዶሻውን ነጥቆ ምናለሽ ተራ እስኪሰማ ጮኸባት። እኔ ደረስኩ፣ ልጅቷ ከግድግዳ ተለጥፋለች። እጇን ይዞ «ይሄ እጅ እስክሪብቶ ነው የሚይዘው፤ ብረት አይነካም» አላት። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ እንዳትገባ ከለከላት። እናቷ ከሞተች በኋላ እንኳ ምሳ ስታመጣለት ደጃፉ ላይ ቆማ ሳህኑን ታቀብለዋለች እንጂ እግሯ ወደ ውስጥ አያልፍም።

እኔ ነገሩ አይዋጥልኝም ነበር። አፌ አያርፍም፣ እናገረዋለሁ። «የእህቴን ልጅ ምንይሉን ታውቀዋለህ። ስመ ጥር ከሆነ ኮሌጅ በማዕረግ ተመርቆ ይኸው የራይድ ታክሲ ይነዳል። ወረቀት ወረቀት ትላለህ፤ ወረቀት እንጀራ ይሆናል?»

«ምንይሉ ሰው ማነህ ቢለው የሚያሳየው ነገር አለው» አለኝ። «እኔን ሰው ማነህ ቢለኝ ምን አሳያለሁ? እጄን?»

እጁንም ዘረጋልኝ። የጠቆረ፣ የተሰነጠቀ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ከወለቀ ሃያ ዓመት የሆነው እጅ። እኔም ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራሁ።

ልጅቷ አላሳፈረችውም። በራሱ ፈተና የሚያስገባ፣ ከሺው ጥቂቱ ብቻ የሚገባበት ትልቅ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ያውም መካኒካል ኢንጂነሪንግ። ሙናዊር ያን ዕለት ምናለሽ ተራን ዞሮ ተምር አደለ። ዱንያ በየእረፍቱ ስትመጣ «እዛ ማሽኑን ሁሉ እናንተው ናችሁ የምትሠሩት?» ይላታል፤ «አዎ አባ፣ በላብራቶሪ ነው» ትለዋለች፤ እሱም በኩራት ወደኔ ያያል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ሙናዊር ወረቀት ጠቅልሎ በረንዳዬ መጣ።

«ሠርኬ፣ በርበሬ ሲቀነጠስ አሳዪኝ።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ስቀነጥስ የት ነበርክ?»

«ቀልዱን ተዪው፤ አሳዪኝ።»

በርበሬ ከመፈጨቱ በፊት ጭራው አንድ በአንድ በእጅ ይቀነጠሳል። እኛ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ የምንውለው በዚህ ነው፤ ጣታችን ሲቃጠል ይውላል፣ በዚያ እጅ ዓይኑን የነካ ሰው ወዮለት። ሙናዊር አጎንብሶ ሲያይ ቆየና ወረቀቱን ዘረጋው። አዩብ የሚባል ደላላ ነው ያመጣለት፤ በርበሬ የሚቀነጥስ ማሽን ንድፍ ነው። የማን ትእዛዝ ነው ቢለው «የአብነት ሰፈር ነጋዴ» ብሎታል። ደላላ መቼም አሠሪና ሠሪን አያገናኝም፤ ካገናኘማ በምን ይበላል።

ሙናዊር ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ሳቀ። እሱ እንዲህ ሲስቅ ብዙ ጊዜ አይቼው አላውቅም።

«መስመሩን ተመልከቺ፣ የሳለው የተማረ ሰው ነው። ግን በርበሬን ያየው በፎቶ ነው። በርሜሉን እንደ አልጋ አጋድሞታል። ጭንቅላቱ ሞልቷል፣ እጁ ግን ምንም አያውቅም። አባቱ ያሳዝናል።»

ይቺን ቃል ያዙልኝ። «አባቱ ያሳዝናል» ነው ያለው።

እኔ መስመር አላነብም፣ በርበሬ ግን አውቃለሁ። የበረንዳውን ምስጢር ነገርኩት። በርበሬያችን ውሃ ይጠጣል። ደረቁን ከቀነጠስነው ዛላው ይሰባበራል፣ አቧራውም ያፍነናል፤ ስለዚህ ውሃ እናርከፈክፍበታለን። ሚዛን እንዲያነሳ ብለው ከልኩ በላይ የሚያጠጡም አሉ፤ ስም አልጠራም፣ የኔንም አትጥሩብኝ። የጠጣ በርበሬ አግድም በርሜል ውስጥ ከገባ ይለጠፋል፣ ይቦካል።

«እና ምን ይሻላል?» አለኝ።

«እኔ በርበሬ ሻጭ ነኝ፤ ምን አውቄ። አዘንብለው።»

አዘነበለው። ከሥሩም ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ በሳለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሞክረው የኔው በረንዳ ላይ አመጣው። ዲናሞው ሲነሳ፣ የጎማ ቀበቶው፣ ቺንጊያው፣ ሲዞር፣ በርበሬው በአንድ ወገን ጭራው በሌላ ወገን ሲወርድ የበረንዳው ሴት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከበበው። እኔ ጣቶቼን አየኋቸው፤ አላፍርም፣ እንባዬ መጣ። «ለኔም ሥራልኝ» አልኩት። «ዱንያ ትመረቅና» አለኝ። ገለበጠው፣ ሦስት ነጥቡን ጠብ ጠብ አደረገበት፣ አዩብ በጋሪ ጭኖት ሄደ።

ግንቦት ሲያልቅ ዱንያ እኔ ጋ መጣች። እንደ ወትሮዋ አልነበረችም፤ ከስታለች፣ ስታወራ ጣቷን ታፍተለትላለች።

«እትዬ ሠርኬ፣ ማክሰኞ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን እናቀርባለን። ዲፌንስ ይባላል። እናቴ ብትኖር ትመጣ ነበር፤ በሷ ቦታ ይምጡልኝ።»

ዲፌንስ ስትለኝ ጦር ሜዳ መስሎኝ ነበር። ሳይገባኝ «እመጣለሁ ልጄ» አልኳት። በሐጀራ ቦታ ተብሎ እምቢ ይባላል? «ምንድነው የሠራሽው?» ስላት «ማሽን ነው፣ ለእናቶች የሚጠቅም» ብላ ዓይኗን ሰበረች። የፈተና ጭንቀት ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ማክሰኞ እኔ የጥምቀቱን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ሙናዊር ኮት ለበሰ። ኮት ሲለብስ ያየሁት በሠርጉ ቀንና በዚያን ቀን ብቻ ነው። አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ያንሸራትታል። ከፊት ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። የመሐሉ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ ዶክተር ይገረም ይሉታል፤ ተማሪዎቹ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ያንሳል። ዱንያ ነጭ ጋውን ለብሳ ወጣች። አጠገቧ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። ሙናዊር ወደኔ ጠጋ ብሎ «እናቷን ትመስላለች» አለኝ።

ጨርቁን ገለጠችው።

ሰማያዊ ቀለም ቀብተውታል። ቀለም ምን ያደርጋል፤ ያቺን ያዘነበለች በርሜል በጨለማም አውቃታለሁ። የቺንጊያው መከለያ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው፤ ቆርቆሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወደ ሙናዊር ዞር አልኩ።

«ሠርኬ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አይቼዋለሁ አልኩህ።»

ያን ወረቀት አስታወስኩ። በርበሬን ያየው በፎቶ ነው ያለው፣ እጁ ምንም አያውቅም ያለው፣ የገዛ ልጁን ኖሯል። አባቱ ያሳዝናል ሲል ራሱን ነበር።

ዱንያ ስታስረዳ ግን አንደበቷ ማር ነው። የዲናሞውን ጉልበት፣ በርሜሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ብረቱ ስንት ኪሎ እንደሚችል በቁጥር ትዘረዝራለች። ሕዝቡ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም በዚያ ድንጋጤ መሐል ኮራሁ፤ ሰው ጉደኛ ነው። ስትጨርስ ዶክተር ይገረም ወረቀቱን አነሳ።

«ንድፍሽ ላይ በርሜሉ አግድም ነው። እዚህ ግን አዘንብሏል። ለምን?»

«በርበሬው... በስበት እንዲወርድ ነው።»

«ታዲያ ንድፍሽ ላይ ለምን የለም? ሥሩስ ለምን ተበሳ?»

ዱንያ ወረቀቷን ገለጠች። መልሱ ምላሴ ላይ ነው፤ ውሃ ስለሚጠጣ ነው፣ ውሃ ስለሚጠጣ። በበረንዳችን የአምስት ዓመት ሕፃን የሚያውቀውን ነገር፣ አምስት ዓመት በዚያ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የከረመችው ልጅ አታውቀውም። ሙናዊር ከንፈሩን ነክሷል። ቢናገር ልጁን ያጋልጣል፣ ዝም ቢል ልጁ ፊቱ ላይ እየሰመጠች ነው።

«ማን ነው የሠራው?» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ዱንያ።

ማሽኑ የአባቷ መሆኑ አስደንግጦኝ ነበር፤ ይሄኛው ግን ባሰ። አባቷ አጠገቤ ተቀምጦ፣ የእጁን ሥራ አፏን ሞልታ የኔ ነው አለች። አባቷ እንደሠራው አለማወቋ ነው ጉዱ፤ አዩብ ሠሪውን ስላልነገራት የማንም ምስኪን ብረት ሠሪ ሥራ መስሏታል።

ዶክተሩ ብድግ ብሎ ወደሷ ሄደ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችለት። ከሩቅም ይታያል፤ ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ከመሐል ጣቷ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ብቻ ያለበት እጅ። ሙናዊር አሥራ አምስት ዓመት ብረት እንዳይነካው የጠበቀው እጅ፣ ይኸው በሰው ፊት መሰከረባት። ሙናዊር የራሱን ሁለት እጆች ቀስ ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከታቸው አየሁ።

«ይሄ እጅ መዶሻ ይዞ አያውቅም» አለ ዶክተሩ። ከዚያ አጎነበሰና ማሽኑን ከሥሩ ማየት ጀመረ። ቆየ። ሰው መንሾካሾክ እስኪጀምር ድረስ እዚያው ቆየ። ሲነሳ ፊቱ ሌላ ሆኗል። ዓይኑ ተመልካቹን ረድፍ በረድፍ ፈለገና ሙናዊር ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ጠረገ፤ ሲጠርግ የእጁን ጀርባ አየሁት። የባቄላ ያህል የብየዳ ጠባሳ አለበት።

በመድኃኔ ዓለም እምላለሁ፣ ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ቀጭን ተማሪ ንድፍ ይዞ ሙናዊር ጋ መጥቶ ነበር፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሉትን ሊያሠራ። ስሙን ማንም አልያዘውም፤ «ተማሪው» እንለው ነበር። ለቃጠሎው ማር የቀባሁለት እኔ ነኝ። ያ ልጅ ዶክተር ይገረም ሆኖ ከፊቴ ቆሟል። አፌን ያዝኩ።

ዶክተሩ ከሁለቱ ፈታኞች ጋር ተነጋገረና ተመለሰ። «ንድፉ ያንቺ ነው፣ ስሌቱም ጥሩ ነው። ማሽኑን ግን አንቺ አልሠራሽውም። በዚህ ዓመት አትመረቂም። መስከረም ላይ በገዛ እጅሽ ሠርተሽ ትመጫለሽ፤ ያኔም እጅሽን አያለሁ።»

ዱንያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና በጎን በር ወጣች። እኔ ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለውን ዓይን ያወጣ ነገር ዝም አልልም፤ «አንተስ በማን ማሽን ነው የተመረቅከው?» ልለው ብድግ አልኩ። ሙናዊር ነጠላዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ተቀመጪ።»

«የአንተን ማሽን ይዞ...»

«ሠርኬ፣ በሐጀራ ይዤሻለሁ፣ ተቀመጪ።»

በሐጀራ ሲለኝ ተቀመጥኩ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ግን ፈነዳሁ። ያንን የመሰለ አስመሳይ፣ እንጀራችንን በልቶ፣ እያልኩ ዶክተሩ ላይ ወረድኩበት። ሙናዊር እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ማሽኑን እኔ አልሠራሁለትም» አለ። «ሊያሠራ ነበር የመጣው፣ እውነትሽን ነው። ለምን ራስህ አትሠራውም ብዬ መዶሻ ሰጠሁት። ሁለት ወር አብሮኝ ዋለ። እሱ ቆረጠ፣ እሱ በየደ፣ እሱ ተቃጠለ። የኔ ሦስቱ ነጥብ ብቻ ናቸው።»

ይህን ሲል ዶክተሩ ከኋላችን መጣ። ያ የማይፈታ ፊት ተፈቷል። ጎንበስ ብሎ የሙናዊርን ትከሻ ሳመ።

«ጋሼ ሙናዊር፣ ልጅዎ መሆኗን አላወቅኩም ነበር። ባውቅም አላሳልፋትም።»

«አውቃለሁ። ደግ አደረግህ።»

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። እኔ የሰው ልጅ ነኝ፤ ከመንገድ ነው የመጣሁት። መዶሻውን ሰጡኝ፣ እጄን ይዘው አስተማሩኝ። ዛሬ ሰው ዶክተር የሚለኝ በዩኒቨርሲቲውም ነው፣ በዚያም ሁለት ወር ነው። ለእሷ ግን ለምን ከለከሏት?»

ሙናዊር ግድግዳውን ተደገፈ። ሚስቱን ሲቀብር አብሬው ነበርኩ፤ ያኔም እንዲህ ሆኖ አላየሁትም። ስንቱን የሰው ልጅ በዚያች ሱቅ ሙያ እንዳስተማረ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፤ የገዛ ልጁ ግን በሩ ላይ ሳህን አቀባይ ነበረች። በኛ በጎጃም የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይሄንን ነው፤ ሲተረት እየሰማሁ አደግኩ እንጂ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዱንያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ተነስታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ። የሳለውንም ሰው ሰድቤዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

አልነገራትም። «ለምን እኔ ጋ አልመጣሽም?» አላት ብቻ።

«ብረት አትንኪ ያልከኝ አንተ፣ ብረት አሠራኝ ብዬ ልምጣ? በላብራቶሪ እንሠራለን ያልኩህ ውሸት ነው። አንዱን ማሽን ለስድሳ ሆነን ነው የምናየው፤ ማየት ነው እንጂ መንካት የለም። ውሸቱን ስነግርህ ደግሞ ፊትህ ሲበራ...» ቀሪውን ለቅሶ በላው።

ሰኔ ሙሉ፣ ክረምቱም ሙሉ፣ ዱንያ የአባቷን አሮጌ ቱታ እጅጌውን አጥፋ ለብሳ ምናለሽ ተራ ዋለች። መጀመሪያ ቀን መዶሻው አውራ ጣቷን መታት። ሙናዊር ማየት አቅቶት ሱቁን ጥሎላት እኔ በረንዳ መጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። «ሄደህ እሰርላት» ብለው «እሰርላት ብዬ ብሄድ መዶሻውን እነጥቃታለሁ» አለኝ። የተራው ልጆች «ኢንጂነር፣ ሚስማሩ ወዲህ ነው» እያሉ አላገጡባት። እሷም አላፈገፈገችም። እኔ ጋ መጥታ በርበሬ ቀነጠሰች፣ ዓይኗን ነክታ አለቀሰች፣ ውሃ ስናርከፈክፍ ቆማ እያየች ጣሳውን በሚዛን ለካችው። «እሱን አትጻፊው» አልኳት፤ ጻፈችው።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ሙናዊር ሩጦ መጣ፤ እሱ ሲሮጥ አይቼ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። በእጁ አንድ ገጽ ወረቀት ይዟል።

«የኔ በርሜል በአሥር ዲግሪ ነው ያዘነበለው ትላለች። ለጠጣ በርበሬ አሥራ አራት ይሻላል ብላ አሰላችው። ሞከርነው። በርበሬው አንድም አልተለጠፈም።» ተቀመጠ። «ሠላሳ ዓመት በዓይኔ ስገምት የኖርኩትን በአንድ ገጽ። ለካ ዩኒቨርሲቲው ይሄንን ነው የሚያውቀው።»

ምንይሉን እያነሳሁ ወረቀትን አቃልልበት የነበርኩት እኔም ያን ቀን ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

መስከረም ላይ ያው አዳራሽ፣ ያው ሦስት ሰዎች። የዱንያ ማሽን ቀለም አልተቀባም፤ ብየዳው ወጣ ገባ ነው፣ ሲነሳም ይጮሃል። በርበሬው ግን በአንድ ወገን፣ ጭራው በሌላ ወገን ወረደ።

«በርሜሉ ለምን አዘነበለ?» አለ ዶክተር ይገረም።

«በርበሬ በረንዳ ያለው በርበሬ ውሃ ስለሚጠጣ ነው» አለችና በኩንታል ስንት ጣሳ እንደሚጠጣ ለሕዝብ ዘረዘረች። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ዶክተሩ ወረቀቱን አስቀመጠና ወደሷ መጣ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችለት። አውራ ጣቷ ጥፍሩ ጠቁሯል፣ መዳፏ ተሰነጣጥቋል፣ በእጇ ጀርባ ላይ ገና ያልደረቀ ቃጠሎ አለ። ዶክተሩ አየው፣ የራሱንም አጠገቡ አድርጎ አየው፣ ተመልሶ የማለፊያ ወረቀቷ ላይ ፈረመ። ሙናዊር አጠገቤ ሁለት እጆቹን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።